ድምፅ ያልነበረው ፊልም ለምን አልሞተም?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለምን እንደምናገር ሲጠይቁኝ «ስለ ድምፅ አልባ ፊልም» አልኳቸው። «ታዲያ ዝም ብለህ ልትቆም ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አይ፣ ትንሽ ላውራ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 ፓሪስ ውስጥ ቲኬት ለቆረጠ ሕዝብ ፊልም ካሳዩ በኋላ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲኒማ የሚናገረው በፊትና በእጅ ነበር። አዳራሹ እንኳ ጸጥ አይልም፤ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ያጅበዋል። ንግግሩ በመሐል በጽሑፍ ይገባል። ጽሑፉን በሌላ ቋንቋ መቀየር ደግሞ ቀላል ስለነበር፣ ያው አንድ ፊልም ለንደንም ቶኪዮም ያስቅ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ያለውም በዚያው ዘመን ነው። ጥላ ሲራመድ ያየ ሰው ምን ይፈረድበታል?

ቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች»ን በ1931 ሲያወጣ፣ የሚናገር ፊልም ገበያውን ይዞት ነበር። እሱ ግን ያን ባለ ከዘራ ምስኪን አላናገረውም። መጨረሻው ላይ፣ ዓይኗ የበራላት አበባ ሻጭ ውለታ የዋለላትን ሰው የምታውቀው በመልኩ ሳይሆን እጁን ስትነካው ነው። ይህን ፊልም ለተማሪዎቼ ሳሳይ መጀመሪያ ስልካቸውን ይነካካሉ። እዚያ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ግን ስልኩን የሚያይ የለም። አንዷ «መምህር፣ እንደማይናገሩ ረስቼው ነበር» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ትንታኔ አላገኘሁም።

የሚያሳዝነው ሌላው ነገር ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዚያ ዘመን አሜሪካ ከተሠሩት ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ቅርጻቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ፊልሙ የሚሠራበት ናይትሬት ቶሎ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳልም። ግን እሳት ብቻ አይደለም ያጠፋቸው። ድምፅ ሲመጣ «ከእንግዲህ ማን ያየዋል?» ተብሎ ተጣለ፤ ውስጡ ላለው ብር ሲባልም ተቃጠለ።

የዴንማርኩ ካርል ድራየር በ1928 ስለ ዣን ዳርክ የሠራው ፊልም ዋናው ቅጂ በእሳት ጠፋ። ድራየር በ1968 ሲሞት እንደጠፋ ነበር። በ1981 ኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ቅጂ ተገኘ። ዛሬ ያቺ ሴት ስታለቅስ የምናያት፣ አንድ ሰው ቆርቆሮውን ከፍቶ ሳይጥለው ስለቀረ ነው።

ወዳጆቼ፣ የእናንተስ ቁም ሳጥን? የተማሪነታችን ዘመን የቴአትር ፎቶ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የምረቃ ቀን ፊልም እዚያ አለ አይደል? ማጫወቻው ስለጠፋ ብቻ «አሮጌ ነው» አትበሉ። ስሙንና ዓመቱን ጻፉበትና ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት አምጡት። እኛ ዝም ካልን በኋላ የሚናገርልን እሱ ነው።