የማይታየው ዳኛ፦ የተሰወረ አሠራርና ፍትሕ በበይነ መረብ የውድድር ጨዋታዎች

(በመካነ ሰላም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በየፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። እጀ ፈጣኑ ይጠቀማል። ሆኖም የሁለቱም እጅ በአንድ ገበታ ላይ ስለሚታይ፣ የተቀደመው ሰው በምን እንደተቀደመ ያውቃል።

ዛሬ ወግዲ ላይ በስልኩ ፐብጂ ሞባይል የሚጫወት ወጣትም በወረራ ላይ ነው፤ ገበታው ግን በሩቅ ሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያው ከተማ ያለው ተጋጣሚ ከዚህ ግብር ነጻ ነው።

ይህን ለማካካስ ብዙ የተኩስ ጨዋታዎች ሰርቨሩ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ፣ ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት ያየውን እንዲዳኝ ያደርጋሉ። የቫልቭ ባልደረባ ያን በርኒየር ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ አብራርቶታል። ነገር ግን ጉዳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይጠፋም፤ ግድግዳ ተከልሎ ያመለጠ ተጫዋች ከተከለለ በኋላ ይመታል።

ሁለተኛው ስውር ነገር የተጋጣሚ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤሌክትሮኒክ አርትስ ተመራማሪዎች የተካተቱበት አንድ ጥናት፣ ተጋጣሚ በችሎታ እኩልነት ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ ጨዋታውን ትቶ እንዳይሄድ በሚያደርግ ስሌት ሊመረጥ እንደሚችል አሳየ። በዚያው ዓመት አክቲቪዥን ተጫዋቾችን ለግዢ በሚያነሳሳ መንገድ ስለማጋጠም የባለቤትነት መብት አገኘ። ይህ ብቻውን ዘዴው ሥራ ላይ መዋሉን አያረጋግጥም። ችግሩ ግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ልጅ ሽንፈቱ ከድክመቱ ይሁን ከስሌቱ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ድልም እንዲሁ ነው፤ ጀማሪው ካሸነፋቸው መካከል ሰው መስለው የሚጫወቱ ቦቶች ይገኛሉ።

ኩባንያዎች አጭበርባሪን የሚይዙበትን ዘዴ ቢሰውሩ ተገቢ ነው፤ ወጥመድ በአዋጅ አይጠመድም። የተጋጣሚን ስፍራ መሰወርም የጨዋታው አካል ነው። የዳኝነቱን ሕግ መሰወር ግን ከሁለቱም ይለያል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዕድል ሳጥኖች ዕጣ የመውጣት መጠኑ እንዲገለጽ ማስገደዷ፣ ይህን ዓይነቱን ነገር መግለጥ እንደሚቻል ያሳያል።

እኛስ? ውድድር ስናዘጋጅ ተጫዋቾቹን በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ የውስጥ መረብ እናገናኝ፤ ይህን የሚፈቅዱ ጨዋታዎችንም እንምረጥ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ከዚህ እስከ ሰርቨሩ ያለውን መዘግየት ለክተው ውጤቱን በይፋ ይለጥፉ። ወጣቱ የራሱን ዋጋ በማያየው ዳኛ ፍርድ ብቻ እንዳይመዝን፣ ቢያንስ ርቀቱን ቆጥረን ልንሰጠው ይገባል።