ዋንጫው ሳይሆን ማክሰኞና ሐሙስ

(በፍኖተ ሰላም ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለስፖርት መምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

 

የጋበዙኝ ሰዎች «ስለ ወጣቶችና ስለ ኤች አይ ቪ ተናገሪልን» ነው ያሉኝ። እኔ ግን ስለ ኳስ ልናገር ነው የመጣሁት። አትሳቁ! ሲጨርስ ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ታዩታላችሁ። እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። ለሥራዬ የሚጠቅመኝን ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከኳስ ሜዳ ነው።

በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙን ልተወው) ቅዳሜ ከሰዓት የዲፓርትመንቶች ዋንጫ ይካሄድ ነበር። ካምፓስ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ፍሬሽ ከጂሲ፣ ኢንጂነሪንግ ከጤና ይጋጠማል። ደጋፊው ጀሪካን ይደበድባል፣ ከካፌ ሰሃን ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። የተሸነፈው ዲፓርትመንት ሳምንቱን ሙሉ ሲተረብ ይከርማል። ደስ ይል ነበር። የሴቶች ጨዋታ ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የወንዶቹ ፍጻሜ ከመጀመሩ በፊት እንደ ማሟሟቂያ የሚቀርብ ነበር። ማሊያው የወንዶቹ ስለሆነ እጅጌው ክርናችንን አልፎ ይወርዳል። ታኬታ ያላት ለሌላት ታውሳለች። ኳሷ ስታመልጠን ተመልካቹ ይስቃል፤ ጎል ስናገባም ይስቃል።

ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውድድር ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ኳስ መጫወት የምትፈልጉ ሴት ተማሪዎች ተመዝገቡ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። አንድ ዓመት ላይ ተመዘገብን፤ አሥራ ስምንት ሆንን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እየተነሳን ተለማመድን። ሄደን ሁለት ጨዋታ ተሸነፍን፣ በአንዱ አቻ ወጣን። ስንመለስ ማሊያውን አጥበን አስረከብን። ቡድኑም በዚያው ፈረሰ።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች። የቡሬ ገጠር ልጅ ናት። በግራ መስመር ተከላካይ ሆና ትጫወት ነበር። ከብት ስታግድ ያደገች ስለሆነች ሩጫዋን የሚችላት አልነበረም። ሜዳ ላይ «የኔ ነው!» ብላ ስትጮህ የሌላው ቡድን አጥቂ ደንግጣ ትቆማለች። ከሜዳ ውጪ ግን ድምፅዋ አይሰማም፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን ጠዋት ከልምምድ ቀረች። ሦስት ሆነን ዶርሟ ድረስ ሄድን። ለካ ወባ ጥሏታል። ደግፈን ክሊኒክ ወሰድናት።

ቡድኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ማን ይፈልጋት? ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ሰላምታ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ጭራሽ ጠፋች። እኔም «ዊዝድሮዋል ሞልታ ይሆናል» ብዬ ዝም አልኩ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ቡሬ ሄጄ አገኘኋት። ቡና አፍልታ ሁሉንም አጫወተችኝ። ከቤት የሚላክላት ገንዘብ ሲቋረጥ በዕድሜ በጣም የሚበልጣት፣ መኪና ያለው ሰው ቀረባት። ስልክ ገዛላት፣ ልብስ ገዛላት። እናንተ «ሹገር ዳዲ» የምትሉት ዓይነት ሰው ነው። በኮንዶም እንጠቀም ለማለት አልደፈረችም። ቆይታ ስትመረመር ቫይረሱ በደሟ ተገኘ። ተስፋ ቆርጣ ትምህርቷን አቋረጠች።

እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ «አንቺ፣ እኔኮ የኤች አይ ቪን መተላለፊያ መንገዶች በቃሌ እዘረዝራቸው ነበር። ሃይስኩል የጸረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ያጣሁት እውቀት አይደለም። አንድ ማታ ዶርሜ ሳልገባ ባድር የት አደርሽ የምትለኝ ሰው ነው ያጣሁት። ልምምዱ ቢቀጥል ኖሮ እናንተ ትጠይቁኝ ነበር።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ወባ ሲይዛት የሄድንላት ከሌሎች የተለየን ደጎች ሆነን አይደለም፤ ማለዳ ስንቆጠር አንድ ሰው ስለጎደለን ነው። መቆጠራችን ሲቀር መፈላለጋችንም ቀረ።

ዛሬ ደህና ናት። በቀን አንድ እንክብል ትውጣለች። በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። እዚህ ደረጃ የደረሰና መድኃኒቱን የማያቋርጥ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ሁኔታዋን የሚያውቅ ባል አግብታለች፤ ልጇም ከቫይረሱ ነፃ ነው። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የምትሰጉ ካላችሁ ተመርመሩ። ቫይረሱ በደሟ ያለ ጓደኛ ካለቻችሁም አታግልሏት።

እሷን ያጋጠማት ነገር ግን የእሷ ብቻ አይደለም። እስኪ አካባቢያችንን እንመልከት። ከቋሪት፣ ከማንኩሳ፣ ከሽንዲ ወይም ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች አንዲት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ወደ ከተማ ትመጣለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ስንቋ በገበያ ቀን ይላክላታል። በአሥራ አምስት ዓመቷ የቤት ኪራይ ከፋይ፣ ምግብ አብሳይ፣ ተማሪ ትሆናለች። ቡሬ ደግሞ መንገዱ ወደ ወለጋ የሚገነጠልበት ከተማ ነው፤ መኪናውም፣ መንገደኛውም ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የምግብ ዘይት ፋብሪካው ሲመረቁ ሥራ ፈላጊ ወጣት ከየገጠሩ ጎርፏል። ሥራው መልካም ነው፤ ማታ ብቻዋን ኪራይ ቤቷ የምትገባው ልጅ ጉዳይ ግን ማንንም ያሳሰበ አይመስልም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ውስጥ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን ስንከፍተው ግን ሴቶች 1.2፣ ወንዶች 0.6 በመቶ ናቸው። በገጠር 0.4፣ በከተማ 2.9 በመቶ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ከገጠር ወደ ከተማ የመጣች ልጅ ስርጭቱ ሰባት እጥፍ ወደሚሆንበት ቦታ ገባች ማለት ነው። የገባችውም እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ሳይከተሏት፣ ብቻዋን ነው።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ከርመዋል። ትምህርት ሲቆም በብዙ ቤት ቀድሞ የሚነሳው የልጅቷ ጋብቻ ነው። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ይላል። ሕጉን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ «ልጅቷ ዛሬ ለምን አልመጣችም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ሌላ ነው።

ኳሱ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚደረግ ልምምድ ለአንዲት ልጅ ምን ይሰጣታል?

አንደኛ፣ ትቆጠራለች። አሰልጣኟ ስም ትጠራለች። የቀረች ልጅ ትታወቃለች። ሁለት ጊዜ ከቀረች ሁለት ጓደኞቿ ቤቷ ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ ድምፅ ታወጣለች። ኳስ በዝምታ አይጫወቱትም። «አቀብይኝ!»፣ «ተዪው!»፣ «የኔ ነው!» ማለት ግድ ነው። ጓደኛዬን አይታችኋል፤ ሜዳ ላይ ያላትን ድምፅ ከሜዳ ውጪ ልታወጣው ገና እየጀመረች ነበር፤ ጊዜ አላገኘችም። «አልፈልግም» ማለትም ልምምድ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሰውነቷን ታውቃለች፤ ስለ ሰውነቷም ትጠይቃለች። የወር አበባ መጥቶባት ከትምህርት የምትቀር ልጅ ከቡድን ጓደኞቿ ጋር ሞዴስ ተካፍላ ትጫወታለች። ከልምምድ በኋላ ሣር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት ወሬ እኔ መድረክ ላይ ከማስተምረው ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ኳስ ብቻውን ከቫይረሱ አያድንም፤ ኮንዶምን፣ ምርመራን፣ መታቀብን አይተካም። ሜዳውም ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። «ቡድን ውስጥ አስገባሻለሁ» እያለ ልጆችን የሚያስቸግር አሰልጣኝ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለዚህ ቢያንስ አንዲት ሴት መምህርት ወይም እናት ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ትኑር። ልምምዱም ሳይጨልም ይለቅ። የተደፈረች ልጅ ካለች ደግሞ ሳትታጠብ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትድረስ፤ ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

«ቫይረሱ ያለባት ልጅ አብራ ብትጫወትስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። በላብ፣ በማሊያ፣ በመተቃቀፍ፣ በውሃ ኮዳ አይተላለፍም። የሚደማ ተጫዋች ወጥቶ ቁስሉ ታሽጎ ደሙ ሲቆም ነው የሚመለሰው። ይህ የእግር ኳስ ሕግ ነው፤ ለሁሉም ተጫዋች እኩል ይሠራል።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ ሴት ልጅ ኳስ ስታባርር ማን ያገባታል?» ብለውኛል። እማማ፣ ይህን ያሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ኳስን ለዓለም አስተማርን የሚሉት እንግሊዞች እንኳ እንዲህ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ሊቨርፑል ከተማ በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ሜዳ 53 ሺህ ያህል ሰው የሴቶች ጨዋታ አየ። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ለሴት አይስማማም» ብሎ በክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የተነሳው። በእኛም አገር ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች፤ በኋላም አሜሪካ ደርሳለች። ዱራሜ ከፍኖተ ሰላም የምትበልጥ ከተማ አይደለችም።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ስለጀመርኩ ይህንንም ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሞሮኮ ውስጥ የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ተካሂዶ ነበር። ከአገራችን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ሄደዋል። ከደቡብ አፍሪካ ከመጡት አንዱ ማን ነበር መሰላችሁ? የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ቡድን! ስሙ እንደሚነግራችሁ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሚለጠፍ ማስታወቂያ አይሠራም። ዓመቱን ሙሉ በሚቀጥል ልምምድ ነው የሚሠራው።

ደግሞስ ጎጃም ውስጥ ሴት ልጅ ሜዳ መውጣቷ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እናቶቼ፣ በእንግጫ ነቀላ ጊዜ መስኩን ሞልታችሁ የዘፈናችሁት እናንተ አይደላችሁም? የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ልጃገረዶች ተጠራርተው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ያልመጣችውን ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠሯታል። እኔ የምለምናችሁ ይህንኑ በሳምንት ሁለት ቀን እናድርገው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሜዳውን ለሴቶቹ ይልቀቅ። ማክሰኞና ሐሙስ ያልኩት ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው፤ ልጆቹ ምሳ በልተው ይሩጡ። ሁለት ኳስ፣ አንዲት ኃላፊነት የምትወስድ ሴት፣ አንድ የስም መጥሪያ ደብተር በቂ ነው። ወላጆች ደግሞ በእነዚያ ሁለት ቀናት ውሃ የመቅዳቱን ሥራ ለወንድሟ ስጡት። ወንድሞቼ፣ አጉረመረማችሁ፤ ሰምቻለሁ! ውሃ መቅዳትም ስፖርት ነው።

ዋንጫ ከተገኘ እሰየው፣ እልል እንላለን። ነገር ግን ዋንጫ በዓመት አንድ ቀን ነው። ጓደኛዬን ሊጠብቃት ይችል የነበረው ያ ቀን አልነበረም፤ ተራው ማክሰኞ ነበር። እህቶቼ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አጠገባችሁ ያለችውን ልጅ ስሟን፣ የት እንደተከራየች ጠይቋት። ነገ ስትቀር ደግሞ ሂዱና «የት ቀረሽ?» በሏት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ?