አስፋልት ላይ የቀረ ምስክር
መኪና ሰው ገጭቶ ሲገድል «ፍጥነቱ ስንት ነበር?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ላይ አለ። በደረቅ አስፋልት ፍሬን ተይዞ ጎማዎቹ 20 ሜትር ያህል ተንሸራተው ከቆሙ፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ነበር። የተሰበረ አምፖልም ይመሰክራል፤ በርቶ ሳለ ከተሰበረ የጋለው ሽቦ አየር ነክቶት ይጠቁራል።

በብሪታንያ ይህን የሚመረምሩ ፖሊሶችና የግል ባለሙያዎች «የትራፊክ አደጋ መርማሪዎች ኢንስቲትዩት» በተሰኘ ማኅበር ተሰባስበዋል፤ «ኢምፓክት» የሚባል መጽሔትም አላቸው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን የዐቃቤ ሕግም የተከሳሽም ባለሙያ በአንድ ማኅበር መገናኘታቸው ነው። በስሌት ስህተት ንጹሕ ሹፌር ሊታሰር ይችላልና! በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ደግሞ ባለሙያው ግዴታው ለችሎቱ እንጂ ለከፈለው ወገን አይደለም።