ማን፣ መቼ፣ ወደ ማን ቤት? አረጋውያንን በየቤታቸው የሚረዱ ጎብኚዎች የተራ አመዳደብ

(በናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ለቤት ለቤት ጎብኚዎችና ለአስተባባሪዎች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ማን፣ መቼ፣ ወደ ማን ቤት ይሂድ የሚል የአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ነገር ግን አልጋ ላይ ለዋሉ እናት ያ ወረቀት ውሃ ማግኘትና አለማግኘት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድና አለመውሰድ ማለት ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተራውን ወረቀት የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በአንድ ፎቅ ቤት አራተኛ ደርብ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ዓይናቸውም የደከመ አንዲት እናት ነበሩ። መርፌውን ጎረቤታቸው ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትወጋቸዋለች። ቁርሱን ደግሞ የእኛ ጎብኚ ወዲያው ደርሶ ማቅረብ ነበረበት። እኔ ከክሊኒኩ ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጬ «8፡00» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ማለቴ ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ የተመደበው ልጅ ግን እንደ አገሩ አንብቦ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሄደ። እማማ መርፌውን ተወግተው ሳይበሉ ውለው ነበርና በላብ ተነክረው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ሰው መለየት አቅቷቸው አገኛቸው። ደግነቱ መዋጥ አላቃታቸውም ነበርና ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጥቷቸው፣ ከዚያም ምግብ ሰጥቷቸው ተመለሱ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። እዚህ አገር ስዋሂሊ የሚናገረው ሕዝብ በአፉ ሰዓት ሲቆጥር እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓትን «ሳአ ምቢሊ» ይለዋል። ክሊኒኩና ቢሮው በጽሑፍ የሚሰጡት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ወረቀት ላይ «ጠዋት»፣ «ቀን» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ሳይጨመር ሰዓት ብቻውን አይጻፍ። ቀኑም እንዲሁ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ሲመዘገብ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የሳምንቱ ቀን ስምም ይጨመር።

ተራ ለእኛ አዲስ አይደለም

ተራ ይዞ መሥራት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ሁላችንም ዕድር እናውቃለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የቀረም ይቀጣል። እንግዲህ ለቀብር በተራ መሰለፍ ከቻልን፣ በሕይወት ያሉትንም በተራ መጠየቅ የሚያቅተን አይመስለኝም።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከጎብኚዎቹ ስም ሳይሆን ከአረጋውያኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው «ማክሰኞ ማን ይመቸዋል?» ብለን ስለምንጀምር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማክሰኞ ጠዋት ሰው ካልመጣ የሚጎዳው ማን ነው?» የሚለው ነው። በዚህ መሠረት አረጋውያኑን በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኞቹ ከአልጋ የማይነሡ ወይም መድኃኒታቸውና ምግባቸው ሰዓት የሚጠብቅ ናቸው፤ እነዚህ በየቀኑ፣ በተወሰነ ሰዓት ይጎበኙ። ሁለተኞቹ ለልብስ ማጠብ፣ ለገበያና ለክሊኒክ ሰው የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃቸዋል፤ ሰዓቱም ወዲያና ወዲህ ቢል አይጎዳቸውም። ሦስተኞቹ ራሳቸውን የቻሉ፣ ነገር ግን ብቸኝነት ያጠቃቸው ናቸው። ለእነርሱ የሳምንት አንድ ቀን የቡና ጨዋታ ራሱ እርዳታ ነው። ወረቀቱ ላይ አስቀድመው የሚሰፍሩት የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ፤ ሌላው በተረፈው ጊዜ ይሞላል። አረጋዊ ዛሬ ደህና ሆኖ ነገ ሊወድቅ ስለሚችል ክፍፍሉ በየወሩ ይታይ።

ሌላው ነገር የሰው መለዋወጥ ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ሲመጣ አረጋዊው ስለ ገላቸውና ስለ በሽታቸው በየጊዜው ለማያውቁት ሰው ለማስረዳት ይገደዳሉ። ይህ ደግሞ ውርደት ሆኖ ይሰማቸዋል። ለአንድ አረጋዊ ሁለት ሰው፣ አንድ ዋናና አንድ ምትክ፣ ይመደብ። ሴትን የምታጥበው ሴት፣ ወንድን የሚያጥበው ወንድ ይሁን። ቋንቋም ይታሰብበት። በመካከላችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ አለ። የታመመ ሰው ደግሞ ሕመሙን በአፍ መፍቻው ሲናገር ነው የሚቀለው።

መንገዱም ሥራ ነው

ወረቀት ላይ አራት ቤት በአንድ ቀን መጻፍ ቀላል ነው። እስቲ እናስላው። ለእያንዳንዱ ቤት 1 ሰዓት፣ በመካከል ለመሄጃ 30 ደቂቃ ብንሰጥ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ የሚሆነው አራቱም ቤቶች በአንድ ሰፈር ካሉ ነው። ሁለቱ ኢስሊ፣ ሁለቱ ካዋንጓሬ ቢሆኑ ግን ጎብኚው ከተማውን አቋርጦ ማታቱ መቀየር አለበት። ዝናብ ሲጥልና የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ዋጋውም ይጨምራል፣ መንገዱም ይዘጋል። የመጨረሻው ቤት ያሉት አረጋዊ የሚደርሳቸው የደከመ ሰውና የቸኮለ ጉብኝት ነው። በሌላው ዓለምም ይህ ችግር ታይቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ውስጥ እንክብካቤ መመሪያ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ጉብኝት ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ አሳስቧል።

ስለዚህ ምድባችን በሰፈር ይሁን። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ቡርትዞርግ የሚባል ድርጅት በዚህ መንገድ ይሠራል። ነርሶቹ ከ12 የማይበልጡ ሆነው በአንድ ሰፈር ይመደባሉ፤ ተራቸውንም ራሳቸው ተነጋግረው ያወጣሉ። እኛ ነርሶች አይደለንም፤ ገንዘባቸውም የለንም። ነገር ግን የሰፈሩን ሰው ለሰፈሩ አረጋዊ መመደብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንዲያውም የማታቱ ወጪ ይቀንሳል። ከየሰፈሩ የጤና ሠራተኞችም ጋር እንተዋወቅ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 በላይ የኅብረተሰብ ጤና አራማጆችን የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ባለበት ቦርሳ አሰማርታለች። እነርሱ የሚመጡበትን ቀን አውቀን በወረቀታችን ላይ ብናሰፍር፣ የእኛ ጎብኚ በዚያ ሰዓት ተገኝቶ ማስተርጎም ይችላል።

ያልታሰበ ቀን

ሜይ 6 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት በኮሮና ምክንያት ወደ ኢስሊ መግባትንም ከኢስሊ መውጣትንም ከለከለ። እገዳው የተነሣው በጁን ወር መጀመሪያ ነበር። በዚያ አንድ ወር ከካዮሌ ወይም ከካሳራኒ እየመጣ ኢስሊ ውስጥ አረጋዊ የሚጠይቅ ሰው መግባት አይችልም ነበር። ከዚያ በፊትም በኤፕሪል 2014 እ.ኤ.አ. ፖሊስ በኢስሊ አሰሳ ሲያካሂድና ብዙ ሰው ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ሲወሰድ፣ ከቤት መውጣት ራሱ የሚያስፈራ ነበር። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት አረጋዊውን ሊያድን የሚችለው በዚያው ሕንፃ ያለ ጎረቤት ብቻ ነው። ይህም በመሆኑ ለእያንዳንዱ አልጋ ለያዘ አረጋዊ፣ ከዋናውና ከምትኩ በተጨማሪ፣ በእግር የሚደርስ አንድ ጎረቤት በሦስተኛነት ይመዝገብ። መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንዳለም ይወቅ።

በዓላትም አሉ። የእኛ ገና ጃንዩዋሪ 7 ቀን ሲውል፣ ለናይሮቢ የሥራ ቀን ለእኛ ክርስቲያኖች ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ኢድም ሲመጣ እንዲሁ ነው። በገናና በፋሲካ ሙስሊም እህቶችና ወንድሞች፣ በኢድ ቀን ክርስቲያኖች ቢሸፍኑ ማንም ሳይቀር በዓሉን ያከብራል። ይህን በበዓሉ ዋዜማ በስልክ ከመለማመጥ፣ የዓመቱን በዓላት አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ማስፈር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጎብኚው ራሱ ሲሄድ ነው። ሁላችንም በጥበቃ ላይ ነን። ለሦስተኛ አገር የተፈቀደለት ሰው በደስታ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ በየቀኑ የሚያጥባቸው አባት ማን ይተካለታል? ማንንም ባለ ዕድል አንወቅስም፤ እንመርቀዋለን እንጂ። ነገር ግን የጉዞ ወሬ እንደተሰማ ለአስተባባሪ ይነገር፤ ተተኪውም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብሮ እየሄደ አረጋዊውን ይልመድ። ስንብቱም በአካል ይሁን። ልጆቻቸውን በጦርነትና በስደት ያጡ ሽማግሌ «እሱም ሳይነግረኝ ሄደ» ማለት የለባቸውም።

በካኩማ ለምትኖሩ ወገኖች

በካኩማ ደግሞ ፀሐዩ አለ፤ ስለዚህ ረጅሙ መንገድ በማለዳ ይሁን። የራሽን ማደያ ቀን ጎብኚውም ሰልፍ ላይ ስለሚውል በዚያ ቀን ማንም እንደማይገኝ ታውቆ ተራው አስቀድሞ ይስተካከል። የአረጋዊውን ራሽን የሚቀበለውና ቤት የሚጎበኘው ሰው አንድ እንዳይሆን ይሁን፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ቀላል ነገር ልጠይቃችሁ። በእያንዳንዱ አረጋዊ ቤት አንድ የተማሪ ደብተር ይቀመጥ። ጎብኚው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሠራውን፣ ያየውን ለውጥ በሁለት መስመር ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል በስልክ «ደርሻለሁ» ይበል። ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት አልፎ ድምፅ ካልተሰማ አስተባባሪው ምትኩን ይጥራ። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሥርዓት ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ ሳይበሉ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባልቆዩ ነበር። ያን ጊዜ ያተረፋቸው የእኔ ጥንቃቄ ሳይሆን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን በዚህ መመካት አይገባንም።