ከእሳቱ በፊት መመካከር
(በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እድር የቆመው ለቀብር ቢሆንም፣ ሰውን ያለ ጊዜው ለቀብር ከሚያደርሱት አደጋዎች አንዱ እሳት ስለሆነ፣ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድንነጋገር ወደናል። ለዚህም ከሩቅ አገር፣ ከዛሮቹ ዘመን ሩሲያ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

በዚያ ዘመን የሩሲያ ከተሞች አብዛኛው ቤታቸው የእንጨት ነበር። ብርዱ ረጅምና ብርቱ ስለሆነም ምድጃው ለወራት ሳይጠፋ ይነድዳል። አንድ ቤት ከተቀጣጠለ፣ ነፋስ እሳቱን ከጣራ ጣራ እያሻገረ ሰፈሩን ጠራርጎት ይሄዳል። በዋና ከተማው በፒተርስበርግ ነዋሪው ሌሊት በተራ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1803 በዛር አሌክሳንደር 1ኛ ዘመን ይህ ግዴታ ተነሣና፣ ለጦር ግንባር ብቁ ካልሆኑ ወታደሮች የተውጣጣ ቋሚ የእሳት አደጋ ጓድ ተቋቋመ። በ1804 ሞስኮ ተከተለች።

ትንንሾቹ ከተሞችስ? ለየከተማው በነዋሪው ብዛት ልክ ስንት ሰውና ምን መሣሪያ እንደሚመደብ የሚወስነው የመንግሥት ደንብ የወጣው በ1853 ነው። ኦስታሽኮቭ ግን ይህን ሳትጠብቅ 10 ዓመት ቀደመች።

ኦስታሽኮቭ በትቬር ክፍለ ሀገር፣ በሴሊገር ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ቆዳ ፋቂዎች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ አንጥረኞችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በ1843 የከተማዋ ሰዎች በፈቃዳቸው የእሳት አደጋ ጓድ አቋቋሙ። በሩሲያ የመጀመሪያው የበጎ ፈቃድ ጓድ እየተባለ የሚነገርለትም ይኸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ውሃውማ ቢሆን ሐይቅ ሙሉ በደጃቸው ነበር። ግን ውሃ ብቻውን እሳት አያጠፋም። ማን ይቀዳል፣ ማን ያመላልሳል፣ ማን ጣራ ላይ ይወጣል የሚለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በሩሲያ መንደሮችም ይህንኑ ለማሳወቅ ቀላል ዘዴ ነበራቸው። በየቤቱ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በሰሌዳው ላይ ባልዲ፣ ወይም መጥረቢያ፣ ወይም መሰላል፣ ወይም ረጅም ሜንጦ ይሳላል። ደወል ሲደወል ባለቤቱ በቤቱ ላይ የተሳለውን ይዞ ይሮጣል። ማንበብ የማይችለውም ሥዕሉን ያውቀዋል። በዚህ ዓይነት ሁሉም ባልዲ ይዞ መጥቶ መሰላል አይታጣም ማለት ነው። በትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ ዘበኛ ከፍ ካለ ማማ ላይ ሆኖ ይቃኛል። ጭስ ሲያይ፣ ቀን ከሆነ ድቡልቡል ምልክት፣ ሌሊት ከሆነ ፋኖስ ሰቅሎ እሳቱ በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ያመለክታል። ከታች ያሉት የውሃ በርሜልና የእጅ ፓምፕ የጫኑ ጋሪዎችን በፈረስ እየጎተቱ ይወጣሉ።

ከኦስታሽኮቭ በኋላ የበጎ ፈቃድ ጓዶች በየቦታው በዙ፤ በ1893ም የሩሲያ የእሳት አደጋ ማኅበር ተመሠረተ። ነገር ግን እሳት የሚያጠፋው ሰው ራሱ ይቃጠላል፣ ይሰበራል፣ ይሞታል። ታዲያ ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን በ1897 ሰማያዊ መስቀል የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ቆመ፤ ሥራውም የተጎዱትን የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የሟቾችን ቤተሰብ መርዳት ነበር። ይህን ስንሰማ የእኛኑ የእድር ሥራ የሰማን ያህል ነው።

ውድ አባላት፣ ጎረቤት ቤቱ ሲቃጠል ሁላችንም እንሮጣለን፤ በዚህ አንታማም። የሚጎድለን አስቀድሞ መመካከር ነው። እድራችን ድንኳኑ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ጥሩምባውን ማን እንደሚነፋ አሳምሮ ያውቃል። መሰላል ያለው ቤት የትኛው እንደሆነ ግን በመዝገባችን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በቤቱ ያለውን፣ ባልዲም ሆነ አካፋ፣ መሰላልም ሆነ የውሃ በርሜል፣ ለጸሐፊያችን እንዲያስመዘግብ፣ ለእሳት የሚነፋው ጥሩምባም ከለቅሶው የተለየ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሸክሙን ዛሬውኑ እንከፋፈለው።