ስለ ልብ ምት ማጉያ መሣሪያ፤ በመካነ ሰላም ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ ደርሶ መመለስ ለልብ ሕመምተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ የቦረናና የወግዲ ልጆች ታውቁታላችሁ። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ መሣሪያ በገዛ እጃችን እንሥራ ብለን የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በዚሁ ሥራ በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አግኝቶበታል። በእርሱ ዘመን በሽተኛው እጆቹንና እግሩን የጨው ውሃ በሞላበት ዕቃ ይነክር ነበር፤ እኛ ግን በሁለት ክንድና በአንድ እግር ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈን ተገላገልን።

ከቆዳ ላይ የሚገኘው ምልክት አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሺህ ጊዜ ቢጎላ አንድ ቮልት ይሆናል ብለን በአንድ ደረጃ ሺህ እጥፍ አጎላነው። በኦሲሎስኮፑ የታየው ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ፤ «እንግዲያው ሞተሃል» ብሎ ቀለደ።

ጥፋቱ የእኛው ነበር። ኤሌክትሮድና ቆዳ ሲገናኙ እንደ ትንሽ ባትሪ የራሳቸውን ቮልት ያወጣሉ፤ የሁለቱ ክንዶች ልዩነት እስከ 300 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ይህ በሺህ ሲባዛ 300 ቮልት ነው፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማጉያ ይህን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ መጀመሪያ አሥር ጊዜ ብቻ አጎላን፤ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር የማይለዋወጠውን ቮልት አስቀረን፤ ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ አጎላን።

አሁን ደግሞ በልብ ፈንታ የመብራቱ መስመር 50 ሄርትዝ መጣ። ሰውነታችን እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ደግነቱ በሁለቱም ክንድ ላይ እኩል ስለሚመጣ፤ ልዩነትን ብቻ የሚያጎላው ኤዲ 620 አብዛኛውን ይጥለዋል። የተረፈውን 40 ሄርትዝ ላይ በሚቆርጥ ማጣሪያ ቀነስን። ያን ጊዜ ትንሽ ጉብታ፤ ስለታም ጫፍ፤ ከዚያም ሰፋ ያለ ጉብታ ታየ። ሁላችንም ዝም አልን።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችሁ። ባትሪ የመረጥነው መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ከግድግዳው 220 ቮልት ጥቂት ቢያፈተልክ፤ በኤሌክትሮዱ በኩል ከክንድ ወደ ክንድ ሲያልፍ መንገዱ በልብ ላይ ነው። ኦሲሎስኮፑም ግድግዳ ላይ የሚሰካ ከሆነ ባትሪው ብቻውን አያድንም፤ እርሱም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ሥራውን የሰሙ አንድ የሰፈር አባት፤ «ልጆቼ፤ እስቲ የእኔንም እዩልኝ፤ ዳገት ስወጣ ይደክመኛል» አሉን። እንቢ አልናቸው። ሐኪም በ12 አቅጣጫ የሚያየውን እኛ በአንድ ብቻ ነው የምናየው፤ መስመሩ ደህና ቢመስል ደህና ነኝ ብለው ሆስፒታል ሳይሄዱ ይቀሩ ነበር። ትንሽ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ቦርዱ እነሆ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቀርባችሁ እዩት።