ጥር 13፣ ሳፋው ፊት

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ተረቱ ስለ ለባሿ እንጂ ስለ አጣቢዋ ምንም አላለም። ከተራው አልፎ፣ ታቦቱ ገብቶ፣ ቃና ዘገሊላም ከተሸኘ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን ያ አቧራ የጠጣ ነጭ ቀሚስ ሳፋ ውስጥ ይገባል። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው። ቀዩ ጥለት ይለቅና ነጩ ሮዝ ሆኖ ይወጣል።

አድማጮቼ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእጅ አይደለም፤ የክሩም አለበት። አንዳንዱ ቀለም ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ለገበያ ያወጡት በፈረንጆቹ 1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ በደንብ ከተነከረና ትርፉ ታጥቦ ከወጣ በቀላሉ አይለቅም። ርካሹ ቀለም ግን ክሩን ተጠግቶ እንደ ተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ብድግ ይላል። ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ጊዜ ያበዛዋል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ውሃ አሙቀን፣ ኦሞ በትነን፣ «ቆሻሻው ይልቀቅ» ብለን ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን። ቆሻሻው ይለቃል፤ ቀለሙም አብሮት።

ጥለት ያለው ልብስ አይደር ባይ ነኝ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀድሞ የሟሟ ጥቂት ሳሙና፣ ነጩን እሽት እሽት፣ ጥለቱን አለመነካካት፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ። በቃ።

ብዙ ልብስ የሚበላሸው ግን ከታጠበ በኋላ ነው። ተጨምቆ፣ ተጠቅልሎ፣ «ቆይ ሌላውን ልጨርስ» ተብሎ ሳፋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እርጥብ ጥለት ነጭ ላይ ታጥፎ ከተኛ ማስተላለፉ አይቀርም። ወዲያው ይሰጣ፤ ያውም በጥላ። ነጠላ ከሆነ ገመዱ ላይ መሀሉን አድርጉት፤ ጥለቶቹ በሁለቱም በኩል ወደ ታች ይውሉና ውሃው ከነጩ ወደ ቀለሙ ይወርዳል እንጂ ከቀለሙ ወደ ነጩ አይመጣም። ቀሚሱ ጥለቱ ደረቱ ላይ ስለሆነ ፊትና ጀርባው መሀል ነጭ ፎጣ ይግባበት።

ጨውና አቼቶ የሚጨምሩም አሉ። ጨው ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ሲነከር ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ያግዛል፤ ከቤታችን ሳፋ ውስጥ አንድ ጭብጥ መበተን ግን ደካማውን ቀለም አያጸናውም። አቼቶም ቢሆን ለሱፍና ለሐር ቀለም እንጂ ለጥጥ ያን ያህል አይረዳም። ሳሙናውን ይዛችሁ ጨዉን ለወጡ ተዉት።

ለቆ ከተገኘስ? ሳይደርቅ ድረሱበት፤ ካውያ ካረፈበት ደግሞ ለማስለቀቅ ይብሳል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና፣ ውሃውን እየቀየሩ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በረኪና ጥለት ለሌለው ነጭ ጥጥ ብቻ ነው፤ የጥለቱንም ቀለም ይበላል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በፍጹም አይገናኙ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ቀሚስ ስትመርጡ ነጭ መሀረብ ያዙ። ውሃ ነክራችሁ ጥለቱን በውስጥ በኩል ጫን አድርጉት። መሀረቡ ቀለም ካነሳ፣ ዋጋው ቢወደድም ባይወደድም ተዉት። ሻጩ «አይሞከርም» ካለ ደግሞ አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።